የአጥቢያ ድረ ገጽ አዘገጃጀትና ከመልቀቁ በፊት የሚደረግ ምርመራ

የሰበካ ጉባኤያትና የልማት ኮሚቴዎች የምንጭ ማጎልበትን፣ የአብነት ትምህርት ቤት ግንባታን ወይም የችግኝ ጣቢያን ሥራ ለምእመናን የሚያስታውቁት ለረጅም ጊዜ በዐውደ ምሕረት፣ በደብዳቤና በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ነበር። ዛሬ ግን ከአጥቢያው የወጡ ልጆች በዋሽንግተን፣ በዱባይና በሌሎችም ከተሞች ይኖራሉ፤ ሥራው ምን ደረሰ ብለው የሚጠይቁትም ከዚያው ሆነው ነው። አንዲት ቀላል ድረ ገጽ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ትሆናለች። ሆኖም በዐውደ ምሕረት በቃል የተነገረ ስሕተት በዚያው ሰዓት ሊታረም ሲችል፣ በድረ ገጽ የወጣ ስሕተት ግን አራሚው በሌለበት ይነበባል፤ አንባቢውም በስሕተቱ ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ ይልካል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ገጽን ከማዘጋጀቱ ይልቅ አዘጋጅቶ መመርመሩ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቶታል።

ድረ ገጽ በኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ ኤችቲኤምኤል በተባለ የምልክት ቋንቋ የተቀነባበረ ተራ ጽሑፍ ነው። የብራና ጸሐፊ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ ያሰምራል፤ አንባቢው ፊደሉን እንጂ መስመሩን አያስተውልም፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን በመስመሩ ነው። የኤችቲኤምኤል ምልክቶችም ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ እዚህ ላይ ፎቶግራፍ ይግባ እያሉ ብራውዘር ለሚባለው ማሳያ ፕሮግራም ይነግሩታል እንጂ ራሳቸው ለአንባቢ አይታዩም። እነዚህን ምልክቶች በእጅ መጻፍ የማይችል ሰው በሚታየው መልክ እየጻፈ ምልክቶቹን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያስገባለት ማድረግ ይችላል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ብዙ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ሲሞንኪ በተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ የሚገኘውን ኮምፖዘርን እንወስዳለን፤ በነጻ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ላለ ኮሚቴ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

ኮምፖዘር ሲከፈት ባዶ ወረቀት የመሰለ ገጽ ይቀርባል። አንድም ቃል ሳይጻፍ በፊት ለገጹና ለፎቶግራፎቹ አንድ ፎልደር ተከፍቶ ገጹ በዚያ ውስጥ ይቀመጥ። የፋይሉ ስም በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ፕሮግራሙ በሚያስቀምጥበት ጊዜ የገጹን አርእስት ይጠይቃል፤ ይህ አርእስት በብራውዘሩ አናት ላይ የሚወጣው፣ በጉግል ለሚፈልግ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው ነው። «ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን» ብቻ ብሎ መጻፍ ግን አይበቃም። በዚህ ስም የሚጠሩ አጥቢያዎች በየወረዳው አሉና፣ የቦታው፣ የወረዳውና የሀገረ ስብከቱ ስም አብሮ ሊገባ ይገባል። የአጥቢያው ስም አጻጻፍም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን፤ በአንዱ ቦታ «ጸበል» በሌላው «ፀበል» ብለን ከጻፍን አንባቢ ያውቀዋል፣ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የታወቀ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ የቆየ ሪፖርት ተገልብጦ ወደ ገጹ ሲለጠፍ፣ አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ይወጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እንደ ቪዥዋል ግእዝ ያሉ ቀደምት ፕሮግራሞች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፊደሉ አማርኛ የሚመስለው ያ ፎንት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላለ ገጹ ደኅና መስሎ ሊታይ መቻሉ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ አለበት። በዚሁ አጋጣሚ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት የላቲን ነጥቦችን ደጋግሞ የመጻፍ ልማድም ቢቀር መልካም ነው።

ርእስ የሚሆነውን ቃል ማጉላትና ማድመቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ ከላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ የርእስ ደረጃ ይመረጥለት፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ርእሱን ለይተው የሚያሳውቁት በዚህ ነው። ቀይ ቀለም ቅዱሳት ስሞችን ለመለየት በመጻሕፍታችን የቆየ ሥርዐት አለው፤ አንቀጽ ሙሉ በቀይ መጻፍ ግን ሥርዐቱንም ንባቡንም ይጎዳል። ከሥር ማስመርም አንባቢን ያሳስታል፤ በድረ ገጽ ላይ የተሰመረበት ቃል ሲጫኑት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ተደርጎ ይታሰባልና።

ፎቶግራፍ ሲገባ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ክብደቱ ነው። በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢመዝን፣ አሥሩ 40 ሜጋባይት ይሆናል፤ ይህን የሚከፍለው አንባቢው ነው። በኮምፖዘር ውስጥ የፎቶግራፉን ጥግ ይዞ ማሳነስ ክብደቱን አይቀንሰውም፤ የሚያንሰው ለዓይን ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ወደ ገጹ ከመግባቱ በፊት በሌላ ፕሮግራም ስፋቱ ወደ 1,000 ፒክስል ሊወርድ ይገባል፤ ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ300 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ሁለተኛው አድራሻው ነው። ፎቶግራፉ ከገጹ ጋር በአንድ ፎልደር ካልተቀመጠ፣ ገጹ በኮምፒውተራችን ውስጥ ያለውን ሥፍራ ይጠቁማል፤ በእኛ ዘንድ ፎቶግራፉ ይታያል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ባዶ ሳጥን ይሆናል። ኮምፖዘር ፎቶግራፍ ሲያስገባ አድራሻው ከገጹ ሥፍራ አንጻር እንዲጻፍ የሚያደርግ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለው፤ ይህ ሳጥን የሚሠራው ገጹ አስቀድሞ የተቀመጠ ከሆነ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይቀመጥ ያልነው ስለዚህ ነው።

ቅድመ ዕይታ

በኮምፖዘር ግርጌ አራት መመልከቻዎች አሉ፤ ኖርማል፣ ኤችቲኤምኤል ታግስ፣ ሶርስና ፕሪቪው። በኖርማል እየጻፍን ሳለ ለአዘጋጁ ብቻ የሚታዩ የሠንጠረዥ መስመሮችና ምልክቶች አሉ። ፕሪቪው እነዚህን አስወግዶ አንባቢ ወደሚያየው ያቀርበናል። ነገር ግን በዚያ ውስጥ ማያያዣዎች አይሠሩም፤ ስለዚህ ፕሪቪውን አይቶ ጨርሻለሁ ማለት ተገቢ አይደለም። ብራውዝ የሚለውን በመጫን ገጹን በብራውዘር መክፈትና ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ መሞከር ያስፈልጋል። ቀጥሎ ፎልደሩ በሙሉ በፍላሽ ተገልብጦ የእኛ ፎንቶችና ፋይሎች በሌሉበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት። ከላይ ያነሣናቸው የፎንትና የፎቶግራፍ ችግሮች ራሳቸውን የሚገልጡት እዚህ ነው። በመጨረሻም በስልክ ይታይ፤ አብዛኛው ምእመን የሚያነበው በስልክ ነውና። በቋሚ የፒክስል ስፋት የተሠራ ሠንጠረዥ በስልክ ላይ ከዳር ያልፋል፤ ስፋቱ በመቶኛ ቢሰጥ ይታረማል። ፊደሉ እጅግ አንሶ ከታየ ደግሞ ገጹ ከስልኩ ስፋት ጋር እንዲስማማ የሚያዝዝ አንድ መስመር በሶርስ ውስጥ መጨመር አለበት፤ ይህን ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ሙያው ያለው ቢሠራው ይሻላል።

ይህ ሁሉ የመልክ ምርመራ ነው። የይዘቱ ምርመራ ከዚህ ይከብዳል፤ ገጹን የጻፈው ሰው ብቻውን ሊያደርገውም አይገባም፤ ጸሐፊ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው።

የባንክ ሒሳብ ቁጥርን እንመልከት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር በ1000 የሚጀምር 13 አኃዝ ነው። አኃዞቹን መቁጠር የጎደለውን ወይም የተጨመረውን ያሳያል፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ግን ቁጥሩ ያው 13 ነው። ስለዚህ አንዱ የኮሚቴ አባል ከባንክ ደብተሩ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌላው ከስልኩ ገጽ ላይ ይከተል፤ ከዚያ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይድገሙት። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ቁጥሩን ከገጹ ላይ ቀድቶ በስልክ ባንክ 10 ብር ለመላክ መሞከር ነው፤ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የሚወጣው ስም የአጥቢያው መሆኑ ይረጋገጣል። ሒሳብ ቁጥር በግእዝ አኃዝ አይጻፍ፤ ያማረ ቢሆንም ቀድቶ መላክ አይቻልም።

ዘመንና ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። «ግንባታው በኅዳር 2018 ተጀመረ» የሚለውን ዋሽንግተን ያደገ ወጣት ቢያነብ፣ ሥራው ከተጀመረ ሰባት ዓመት ያለፈው፣ እስካሁንም ከመሠረት ያልወጣ ይመስለዋል። «ኅዳር 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2025)» ቢባል ግን ጥርጣሬው አይነሣም። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለውም በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ፣ በውጭ ያለው ምእመን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ቅድመ ዕይታ ፈጽሞ የማያሳየው ነገርም አለ። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ሥፍራ የካርታ ቁጥር በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የጥንት ብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል ፎቶግራፍ ከነካርታ ቁጥሩ ሲወጣ፣ ቅርሱ ምን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ለሌባ መንገር ነው። ፎቶግራፉ ከመግባቱ በፊት ይህ መረጃ ይሰረዝ፤ የዕቃ ቤቱ በር፣ ቁልፉና መስኮቱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ደግሞ ከነጭራሹ አይውጣ። የሚረዱ ሕፃናት ፊትና ስምም ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈቅድ አብሮ አይገለጥ፤ የዛሬው ችግረኛ ሕፃን ነገ አድጎ ያን ገጽ ራሱ ያነበዋል።

የተመረመረው ገጽ በወረቀት ታትሞ ለሰበካ ጉባኤው ይቅረብ፤ መጽደቁም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ወደ ኢንተርኔት ከተጫነ በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ኢንተርኔት ሳይሆን በሞባይል ዳታ ዳግመኛ ይከፈት። የፎልደሩ ቅጂ በፍላሽ ሆኖ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይቀመጥ፣ ገጹ የታደሰበት ቀንም ከግርጌ ይጻፍ። የሒሳብ ቁጥር ወይም የስልክ ቁጥር በተለወጠ ጊዜ አሮጌው ከአንዱ ገጽ ተነሥቶ በሌላው እንዳይቀር፣ ቁጥሩን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በፕሮግራሙ የቃል መፈለጊያ ፈልጎ ማውጣት የዚያው ቀን ሥራ ነው።