ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያከማቹት
ስለ ከፍተኛ ትምህርት ቁጠባ የተዘጋጀ ትምህርት



በባሕር ዳር ከተማም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ መንደሮች «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። አባባሉ በጎ ገጽታ አለው፤ ልጅን እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ እግዚአብሔር ስጦታ መቀበልን ያስተምራልና። ነገር ግን ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የኮሌጅ ክፍያ በሚጠየቅበት ቀን «ምን ይደረግ፣ ዕድሉ አልሆነም» ለማለት ምክንያት ከሆነን፣ የራሳችንን ድርሻ በእግዚአብሔር ላይ ጫንን ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ለልጆች ከፍተኛ ትምህርት መቆጠብ የክርስቲያን ወላጅ ኃላፊነት የሚሆነው ለምን እንደሆነ፣ በምን መንገድስ እንደሚፈጸም እንመለከታለን።

1. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምረናለች?

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክቱ (12፡14)፣ ማከማቸት የወላጅ ድርሻ እንጂ የልጅ ድርሻ አለመሆኑን እንደ ታወቀ ሥርዓት ይጠቅሳል። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው አስተምሯል (ሉቃ. 14፡28)። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው በእግዚአብሔር አልታመን ብሎ አይደለም፤ እግዚአብሔር የገለጠለትን በሥራ መፈጸሙ ነበር (ዘፍ. 41)።

«ጌታ ስለ ነገ መጨነቅን ከልክሎ የለምን?» የሚል ይኖራል። የተከለከለው ጭንቀት ነው፤ አሳቢነት ግን አልተከለከለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተወቀሰው ባለጠጋም የተወቀሰው ጎተራ በመሥራቱ ሳይሆን ለራሱ ብቻ በመሰብሰቡ ነው። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን አረጋግጧል። ይህ ኃላፊነት ልጁ ፊደል ሲቆጥር ተጀምሮ በፊደል የሚያበቃ አይደለም።

2. ዘመኑ እንዴት ተለወጠ?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር፣ መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። ያን ጊዜ ወላጅ ስለ ክፍያ አያስብም ነበር፤ መንግሥት ያስተምር ነበርና። በከተማችንም በ1950ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ፖሊቴክኒክና በ1960ዎቹ የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ በዚሁ ሥርዓት ብዙዎችን አፍርተዋል። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን የወጪ መጋራት ሥርዓት ተጀመረ፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን፣ እንዲሁም የትምህርቱን ወጪ ከፊል ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ውል ይገባል። የመጓጓዣው፣ የልብሱና የመጻሕፍቱ ወጪ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን በቤተሰቡ ላይ ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. በተሰጡት ሦስት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በቅደም ተከተል 3.3፣ 3.2 እና 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው በር ሲጠብ፣ የግል ኮሌጅም ሆነ የሙያ ሥልጠና ወጪ ለብዙ ቤተሰብ እውነተኛ ጥያቄ ሆኗል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመታት አጥተዋል። አንዳንድ ወላጆች «ትምህርት ቤቱ ራሱ ከተዘጋ ምን ብዬ ልቆጥብ?» ሲሉ ይሰማል። ኀዘናቸው የሚገባ ነው። ሆኖም ዓመታት ያለፉበት ልጅ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ከሌላው ይልቅ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ በእጃችን ያለው ጥቂት ጥሪት እንዲመለስ ወይም እንዲቀር ሊወስን ይችላል።

3. ቁጠባው እንዴት ይሁን?

ሀ. በጊዜ ይጀመር። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በየወሩ 200 ብር ለ18 ዓመታት ብናስቀምጥ፣ ከኪሳችን የሚወጣው 43,200 ብር ነው። ወለዱ 7 በመቶ ሆኖ በየወሩ ቢታሰብ ድምሩ 86,000 ብር ያህል ይሆናል። ያንኑ 200 ብር ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ብንጀምር ግን 19,200 ብር አስቀምጠን የምናገኘው 25,600 ብር ያህል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ያስቀመጥነው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተሰጠው ጊዜ ነው።

ለ. ከገቢያችን ጠባይ ጋር ይስማማ። የወር ደመወዝተኛ ደመወዙን በተቀበለበት ቀን፣ ገና ሳያወጣ፣ ይቀንስ። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሲያጭድ፣ የዘጌ ሰው ቡናውን ሲለቅም አንድ ጊዜ ይለይ። ገቢው የዕለት የሆነ ዓሣ አጥማጅ ወይም ባለ ባጃጅ በየዕለቱ ጥቂት ይጣል። «ከተረፈኝ እቆጥባለሁ» የሚል ሰው የሚተርፈው ቀን አያገኝም።

ሐ. ሁሉም በአንድ ቦታ አይቀመጥ። እውነቱን መናገር ይገባል፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ 7 በመቶ የሚወለድ ገንዘብ የመግዛት ኃይሉን አጥቷል። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው ድምር በብር ቢያድግም ዋጋው እንደዚያው ያድጋል ማለት አይደለም። በቅርብ የሚያስፈልገው ገንዘብ በባንክ ይቀመጥ፤ ዓመታት የሚቆየው ግን በከፊል ከዋጋ ጋር አብሮ በሚያድግ ነገር፣ እንደ ጊደር፣ ባሕር ዛፍ ወይም የቡና ተክል ባለ ሀብት ላይ ቢውል ይሻላል። ይህም የራሱ አደጋ አለው፤ ከብት ይታመማል፣ ተክልም ይደርቃል። ከፋፍሎ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መ. እቁብ በቦታው ይግባ። እቁብ ሰውን ለማስቆጠብ ብርቱ ልማድ ነው። ሆኖም ወለድ የለውም፤ ዕጣው መጨረሻ የደረሰው ሰው የሚያገኘው ብር በመሐሉ ዋጋው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ እቁብ ጊደሯን ለመግዛት ወይም የዓመት ክፍያ ለመሙላት ይጥቀም እንጂ የ18 ዓመቱን መንገድ ብቻውን አይሸከምም።

ሠ. ድግሱ ይመጠን። ለአንድ ቀን ሠርግ ተበድሮ የሚደግስ ቤተሰብ፣ ለአራት ዓመት ትምህርት «የለኝም» ቢል ልጁ ምን ይማራል? እንግዳን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን የልጅን ነገ አርዶ እንግዳ ማብላት አይገባም።

4. በኅብረት መቆጠብ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በካናዳ ኩቤክ አልፎንስ ደጃርደን የተባለ ካቶሊካዊ ምእመን እ.ኤ.አ. በ1900 በሌቪ ከተማ የሕዝብ ቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረተ። ሥራው በየቁምስናው የተስፋፋው በካህናት ድጋፍ ሲሆን፣ ድሆች የራሳቸውን ሳንቲም አጠራቅመው እርስ በርስ እንዲበዳደሩ አስችሏል። በክልላችንም በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ትልቅ ባንክ ያልደረሰበት ገበሬ መቆጠብ እንደሚችል አሳይቷል።

በየቁምስናችንም ወላጆች ሕጋዊ የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢያቋቁሙ መልካም ነው። ሦስት ነገሮች ግን ይጠበቁ፤ ገንዘቡ በካህኑ ወይም በአንድ ሰው እጅ አይሁን፣ ወጪ በአንድ ፊርማ አይደረግ፣ መዝገቡም ለአባላት ሁሉ ክፍት ይሁን። መተማመን ያለ ሒሳብ አይጸናም።

5. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

የሴት ልጅ ድርሻ ከወንድሟ አይነስ፤ «ነገ ትዳር ትይዛለች» የሚለው ምክንያት በእግዚአብሔር ፊት አያቆምም። ታላቁ ተመርቆ ታናናሾቹን ያስተምር የሚለው ልማዳችንም ፍቅር ያለበት ነው፤ ነገር ግን የወላጅን ኃላፊነት በአንድ ወጣት ጫንቃ ላይ ሙሉ በሙሉ ማዛወር ተገቢ አይደለም። የቆጠብነው ስጦታ እንጂ ብድር ስላልሆነ፣ ልጁ እኛ የመረጥንለትን ሙያ እንዲማር ማስገደጃ አናድርገው። በመጨረሻም፣ ለራሳችን ልጅ ስንቆጥብ የሟች ጎረቤታችንን ልጅ አንርሳ፤ ጎተራው የተወገዘው ለራስ ብቻ ሲሆን ነውና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

— ባለፈው ዓመት በቤታችን ለድግስ የወጣውና ለትምህርት የተቀመጠው ሲነጻጸር ምን ይመስላል?
— ባልና ሚስት ስለ ልጆቻችን ትምህርት ወጪ ተቀምጠን የተነጋገርነው መቼ ነው?
— በቁምስናችን ትምህርቱን በገንዘብ እጦት ሊያቋርጥ የተቃረበ ልጅ አለን? ምን ልናደርግለት እንችላለን?

በናዝሬት በላቡ ቤተሰቡን የመገበው ቅዱስ ዮሴፍ ለወላጆች ሁሉ ያማልድ፤ እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፣ ለምድራችንም ሰላምን ይስጥልን። አሜን።