ዛሬ ነገ ማለትና የጓሮው እንሰት



ይህ ጽሑፍ መውጣት የነበረበት በመስከረሙ እትም ነበር። አሁን ኅዳር ነው። ስለ ዛሬ ነገ ማለት ጻፍ የተባለ ሰው ጽሑፉን ሁለት ወር ማዘግየቱ ለአዘጋጆቻችን መሳቂያ፣ ለእኔ ግን ማፈሪያ ሆኖ ሰንብቷል። ቢሆንም በሽታውን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ኑሮ የማውቀው ስለ ሆነ፣ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ በሽተኛ እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የደረሰብኝን ላውጋችሁ።

የቤተሰቤ ቤት የሚገኘው ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ከቤቱ በስተጀርባ፣ እንደ ብዙው የወላይታ ገበሬ ቤት፣ የእንሰት ጓሮ አለ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ጓሮውን የምትንከባከበው እናቴ ናት። አምና በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ብሄድ ከእንሰቶቹ መካከል አንዱን አሳየችኝ። የመካከሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጫፉ ወደ ታች ታጥፏል። «ልጄ፣ አንተ ይህን ትማር የለም እንዴ? እስቲ እየው» አለችኝ።

አየሁት፤ ወዲያውም አወቅሁት። እኔ በዩኒቨርሲቲ የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን፣ ይኸው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ተለይቶ የታወቀው እዚሁ አገራችን ውስጥ በእንሰት ላይ መሆኑን፣ የታመመን ተክል የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ ተምሬአለሁ። ያለው መፍትሔ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ የተቆረጠበትንም ቢላዋ በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት ነው። ይህንኑ በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ታዲያ ለእናቴ ምን ብዬ መለስሁላት? «እማዬ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቼ በደንብ አየዋለሁ» አልኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልብሴን አጠብሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጓደኛዬ ዕቃ ሲያጓጉዝ ረዳሁት። በሌላው ደግሞ ደብተሮቼን በየትምህርቱ ለይቼ በላስቲክ ሸፈንሁ፤ ደብተር መሸፈን ካቆምሁ እኮ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ነው! እንዲህ እያልሁ ገና ደረሰ። እናቴም ለዳቦ መጋገሪያ የሚሆን ቅጠል በአንዱ ቢላዋ ከታመመውም ከደኅናውም ቆረጠች። እንዳታደርግ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሊነግራት የሚገባው እኔ ነበርሁ። በጥር ወር ስሄድ የጠወለጉት ዘጠኝ ሆነው ጠበቁኝ።

እንሰት ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ቦታ እየተቀየረለት ለቆጮና ለቡላ እስኪደርስ ድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ዓመት ይፈጃል። በቆሎው ሳይደርስ ጎተራው ሲራቆት ቤተሰብ ተደግፎ የሚቆመው በእርሱ ነው። ከዘጠኙ አራቱን አባቴ የተከላቸው ባረፈበት ዓመት ነበር።

እንግዲህ ሰነፍ ነበርሁን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ። ሰነፍ ሰው ተኝቶ ይውላል። እኔ ግን በእነዚያ ቅዳሜዎች ከወትሮው የበለጠ ሠርቻለሁ። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ሥራን ሁሉ አይጠላም፤ የሚሸሸው አንዱን ሥራ ነው፤ ያንን ለመሸሽ ሲል ሌላውን ሁሉ ይሠራል። የሚሸሸውም ሥራው ጉልበት ስለሚጠይቅ ላይሆን ይችላል። ጉድጓድ መቆፈር ለእኔ ምንም አይደለም። የከበደኝ እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ይህ የአባቴ ተክል ይነቀል» ማለቱ ነበር። «ቅዳሜ» ባልሁ ቁጥር ይህ ጭንቀት ለአንድ ሳምንት ይለቀኝ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ካጠኑት የሥነ ልቡና ሰዎች መካከል ፉሽያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የሚባሉት የሚያስረዱት ይህንኑ ነው። ዛሬ ነገ ማለት የሰዓት አጠቃቀም ጉድለት ከመሆኑ በፊት የስሜት ጉዳይ ነው ይላሉ። ሰው የሚያስጨንቀውን ሥራ ሲያስተላልፍ ወዲያውኑ ዕረፍት ያገኛል፤ ያም ዕረፍት እንደ ደመወዝ ሆኖ በማግስቱም እንዲያስተላልፍ ያስለምደዋል። ዕዳው የሚከፈለው ኋላ ነው። የሚከፍለውም፣ በእኛ ቤት እንደ ሆነው፣ ሁልጊዜ ያስተላለፈው ሰው አይደለም።

ይህ ነገር የሚይዘው ያልበሰለውን ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ አንድ ታሪክ ልጨምርለት። ጆርጅ አከርሎፍ የታወቀ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው። ይህ ሰው ሕንድ አገር ሳለ ጓደኛው ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ሊጠይቀው መጥቶ ሲመለስ አንድ ሣጥን ልብስ በፖስታ እንዲልክለት ትቶለት ሄደ። አከርሎፍም በየማለዳው «ነገ እልከዋለሁ» እያለ ከስምንት ወር በላይ ሣጥኑን ሳይልክ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ጉድ ራሱ ተናዘዘ፤ ከዚያም ተነሥቶ አንድ ቁም ነገር አስተማረ። የዛሬው ድካም ትንሽም ቢሆን ከፊታችን የተደቀነ ስለ ሆነ ገዝፎ ይታየናል፤ የመዘግየቱ ጉዳት ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሚጨመር አይታየንም። በየቀኑ የምንወስነው ውሳኔ ትንሽ ስሕተት ነው፤ ተደምሮ ግን ስምንት ወር ይሆናል።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ጥፋቱን በስልክ ላይ እናላክካለን። ስልክ ለመሸሸጊያ የሚመች ጎሬ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አከርሎፍ የእጅ ስልክ አልነበረውም፤ እኔም ደብተር የሸፈንሁት ስልኬ ጠፍቶ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሳለ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለዳተኝነቱ ጥብቅና ያቆመዋል። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ስለ ታቀፈችው ነው። እናቴ አንዱን እንሰት አምስት ዓመት ትጠብቀዋለች፤ እየኮተኮተች፣ ፍግ እየጨመረች ነውና መጠበቋ ሥራ ነው። እኔ ሦስት ወር ጠበቅሁ፤ የእኔ መጠበቅ ግን በውስጡ ምንም አልነበረበትም። ለዚህ የሚስማማው ተረት «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ነበር፤ እርሱም በቅጠል ነገር ላይ አመለጠኝ።

ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ዛሬ ነገ ባይ ከሆነ ታዲያ ኑሮ እንዴት ይቆማል? እስቲ በአገራችን ማንም ዛሬ ነገ የማይልበትን አንድ ነገር እንመልከት። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀኖች መካከል በሚገኘው እሑድ ነው። የበዓሉ በሬ ግን በመስከረም አይገዛም። ወንዶቹ በቡድን ሆነው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹም በበኩላቸው ለቅቤው ይቆጥባሉ። በዓሉ ሲቃረብ ዕዳ ያለበት ይከፍላል፤ የተጣላም ይታረቃል። በሌላው ነገር ሁሉ ገንዘብ በእጁ የማይረጋ ጎረቤት ለጊፋታ ሲሆን ድርሻውን በወቅቱ ይከፍላል። ለምን? ጠባዩ በዚያ ቀን ስለሚለወጥ አይደለም። ቀኑ የታወቀ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ጥቂት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አብረውት የሚከፍሉ ሰዎች ይጠብቁታል። ዕቁቡም ደቦውም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሰው ልብ «ነገ» እንደሚወድ ስላወቁ ልቡን ከመውቀስ ይልቅ ሥራውን ከቀንና ከሰው ጋር አሰሩት። ስለ ገብረ ጉንዳን ትጋት ብዙ ተሰብኮልናል፤ ይሁን እንጂ ብቻዋን የምትሠራ ጉንዳን አይቼ አላውቅም።

ይህ የእኔ የግል አስተያየት ብቻ እንዳይመስላችሁ ከጎረቤት አገር አንድ ማስረጃ ላቅርብ። በምዕራብ ኬንያ የበቆሎ ገበሬዎች ለሚቀጥለው ዘር ማዳበሪያ እንገዛለን ይሉ ነበር፤ የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ ግን ብዙዎቹ ሳይገዙ ይቀሩ ነበር። ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞከሩ። አዝመራው ተሰብስቦ ገንዘቡ ገና በእጅ ሳለ፣ «አሁን ከከፈላችሁ ቤታችሁ ድረስ በነጻ እናመጣላችኋለን» አሏቸው። የማዳበሪያው ዋጋ አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው ድካሙና የማመንታቱ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናታቸው እንደ ገለጹት ማዳበሪያ የሚጠቀሙት ገበሬዎች ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ይኸው አገልግሎት ዘግይቶ በመዝሪያ ጊዜ ሲቀርብላቸው ግን ያን ያህል አልሠራም።

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ። ዘጠኙን ካየሁ በኋላ እንኳ፣ ማመን ቢያዳግታችሁም፣ «የሚቀጥለው ቅዳሜ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያዳኑኝ ጎረቤታችን ናቸው። ዕለቱ ዓርብ ማታ ነበር። በአጥሩ በኩል ቆመው ጓሮውን ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት ዶማዬን ይዤ እመጣለሁ። አንተ ጉድጓዱን ከታች በኩል ጀምር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይልፉ፤ እኔ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ» አልኋቸው።

«ያንተ ጓሮ ሲያልቅ የሚመጣው ወደ እኔ ነው» አሉኝና ገቡ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማለዳ ተነሥቼ ለእናቴ ነገርኋት፤ ተክሎቹ መነቀል እንዳለባቸው፣ የአባቴም እንደሚገኙባቸው፣ ይህንንም ከጥቅምት ጀምሮ ማወቄን ጭምር። እርሷም ቡናዋን እየቆላች ሳትዞር፣ «አባትህም ቢኖር ይነቅላቸው ነበር። እኔ እኮ አንተ እስክትናገር ነው የጠበቅሁት» አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ የሸሸሁት ንግግር ቡናው ሳይቆላ አለቀ።

ጋሼ በ2 ሰዓት መጡ። ዘጠኙን ነቅለን፣ ከታትፈን፣ ከጓሮው ርቆ በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ቀበርናቸው። ገጀራውንና ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገራችን በፊት በእሳት እናሳልፍ ነበር። በኋላም ሁለት ተጨማሪ ታመው ተገኙ፤ እነርሱንም በዚያው ቀን ነቀልናቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ሥራን «አንድ ቀን» ብዬ አልመዘግብም፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እጽፋለሁ፤ አብሮኝ የሚገኘውንም ሰው አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ተመራማሪ መቼና የት እንደሚሠሩ አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች እንዲያው «እሠራለሁ» ካሉት ይልቅ እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። የመመረቂያ ጽሑፌን የማነበው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ነው። እርሱ የራሱን ይሠራል፤ እኔ የራሴን። ካልመጣሁ ዶርም ድረስ ይመጣብኛል። ይህን ጽሑፍ ግን ያለ ቀንና ያለ ሰው ተቀብዬው ነበርና የሆነውን አይታችኋል።

ራስን ስለ መውቀስም አንድ ነገር ልበል። ከጥር በኋላ ለብዙ ጊዜ ራሴን ስረግም ቆይቻለሁ፤ ርግማኑ ግን ወደ ጓሮው መሄዱን ይበልጥ አስፈራኝ እንጂ አላተጋኝም። በካናዳ በተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ለመጀመሪያው ፈተና ሳያጠኑ በመዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ተማሪዎች ለሁለተኛው ፈተና ብዙም እንዳልዘገዩ ያስረዳል። እኔን ይቅር ያለችኝ እናቴ ስለ ነበረች ሥራው ቀልሎልኛል።

በየካቲት አሥራ አምስት ችግኝ ከታመሙት ቦታ ርቆ በላይኛው በኩል ተከልን። ባለፈው ቅዳሜ ከእነርሱ የአንዱ ቅጠል ጫፍ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ቢላዋውን በእሳት አሳልፌ የቅጠሉን እግር ቆረጥሁና ጠበቅሁ። ቢጫ ፈሳሽ አልወጣም። ጋሼም በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው አዩትና፣ «ፀሐይ ነው» አሉኝ።