ድንኳኑ ሀና ማርያም ሰፈር ሲተከል

ለአስተባባሪዎች፣ ለበጎ ፈቃደኞችና ለጎረቤት

የዓለም ኤድስ ቀን ብዙውን ጊዜ ኅዳር 22 ይውላል፤ የኅዳር ጽዮን ማግስት። የምርመራ ድንኳን ያን ዕለት ብቻ ከነባነሩ ተተክሎ ማታ የሚነቀል ከሆነ ለፎቶ ነው የመጣው። «ኤች አይ ቪ እኮ ጠፍቷል» ለሚላችሁ፣ በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስርጭቱ በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 3.4 በመቶ እንደነበር ንገሩት።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት የሚከፈት ድንኳን የቀን ሠራተኛውን አያገኘውም፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሕንፃ ላይ ነው። ግሮሰሪ የምታመሸው ሴትም በዚያ ሰዓት ተኝታለች። ከምሽቱ 12 በኋላ ሁለት ሰዓት ቆዩ። አማርኛ ብቻ የሚናገር አማካሪ ይዛችሁም አትምጡ፤ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ የሚችል ይኑር።

ሁሉንም እኩል አቆዩ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ይህን ነው የምላችሁ። ጣት ተወግቶ ውጤት እስኪታይ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው መመርመሪያ ምልክት ካሳየ ግን በሌላ መረጋገጥ ስላለበት ይረዝማል። ውጭ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቀው ደግሞ ሥራ ፈት ነውና ይቆጥራል። ቶሎ የወጣው «ነጻ ነው»፣ የቆየችው «አለባት»። ማንም ሳይናገር ሰፈሩ ውጤት አወቀ። ስለዚህ ነጻ የሆነውንም አስቀምጡት፤ ስለ ኮንዶም ይጠይቅ፣ ውሃ ይጠጣ። መውጫውንም በጀርባ በኩል አድርጉት።

ስም ጮክ ብላችሁ አትጥሩ። ፎቶ አታንሱ። ፎርማን የሠራተኞቹን ውጤት ቢጠይቅ አትስጡ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ሠራተኛው ከሚታዘዘው የጤና ምርመራ ኤች አይ ቪን ለይቶ አውጥቶታል።

«ጸበል ላይ ነኝ» ካለ ሰው ጋር አትከራከሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውን ንገሩት፤ ከእናንተ ክርክር ይልቅ ይህን ይሰማል።

ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ወረቀት አስይዛችሁ «ጤና ጣቢያ ሂድ» አትበሉት። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። አብራችሁት ሂዱ፤ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ነው። የሰፈሩን ጤና ጣቢያ ጠልቶ ሌላ ክፍለ ከተማ ቢመርጥ አታስገድዱት። ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ እኛው ነን።

ጎረቤት፣ ማን እንደገባ ቡና ላይ አታንሡ።

ኮንዶም ለተቀደደበት ወይም ለተደፈረች ድንኳን አይጠበቅም፤ 72 ሰዓት ሳያልፍ ጤና ተቋም መድረስ፣ ከዚያ መከላከያ መድኃኒቱን 28 ቀን መዋጥ ነው። በቅርቡ የተጋለጠ ሰው ዛሬ ነጻ ቢባል ከ3 ወር በኋላ ይመለስ። የቀጠሮ ካርዱ ላይ ቀኑን ብቻ ጻፉ፤ ሸሚዝ ስታጥብ ካርዱን የምታገኝ ሴት የምን ቀጠሮ እንደሆነ አታውቅም።