ከመዝጋትህ በፊት
(ቆመው የሚቀዝፉበትን የእንጨት ቦርድ በጋራዡ ለሚሠራ ወጣት የተሰጠ ምክር)

ልጄ፣ ሲያትል ውስጥ ጋራዥህን ጠራርገህ የእንጨት ፓድልቦርድ ልትሠራ መነሳትህን ሰማሁ። ደግ አስበሃል። ዕድሜዬን በአናጢነት የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ሥራ ከጠረጴዛና ከቁም ሳጥን የሚለየውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ጠረጴዛ ቢላላ ገልብጠህ ትጠግነዋለህ። ይህኛው ግን ሆዱ ባዶ፣ ዙሪያው የታሸገ ነው፤ የላይኛው ጣውላ አንዴ ከተጣበቀ ውስጡን ዳግመኛ አታየውም። ስለዚህ በየደረጃው ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ «አሁን የምዘጋው ምኑን ነው?» የሚከተለው ምክሬ ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

1. ልክህን ከእንጨቱ በፊት እወቅ።

ውሃ ላይ የሚያቆምህ የቦርዱ ይዘት ነው፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። ርዝመቱ 3.5 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ እንውሰድ። ሦስቱን ስታባዛ 336 ሊትር ይመጣል። ጫፎቹ ስለሚሾሉና ጠርዙ ስለሚከብ ግን ከዚያ ላይ 60 በመቶውን፣ ማለትም 200 ሊትር ግድም ብቻ ቁጠር። አንተ 80 ኪሎ፣ ቦርዱ 16 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 96 ነው። ትርፉ ብዙ ነው ብለህ ለመቀነስ አትቸኩል፤ ቦርዱ ከፍ ብሎ ሲንሳፈፍ ነው ከእግርህ ሥር የማይዋልለው። ሚዛንህን የሚጠብቅልህ ደግሞ ከርዝመቱ ይልቅ ወርዱ ነው። ስለዚህ አስቀድመህ ወርዳቸው የተለያየ ቦርዶች ተከራይና ቆመህ ሞክራቸው። በ75 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ጉልበትህ ከተንቀጠቀጠ የአንተ ልክ 80 ነው። ከተሠራ በኋላ ወርድ አይጨመርም።

2. ንድፉን ከሠራበት ሰው ውሰድ።

ሆደ ባዶ ቦርድ የትናንት ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ሚልዋኪ ውስጥ የተወለደው ቶም ብሌክ ሆኖሉሉ በሚገኘው ቢሾፕ ሙዚየም የተቀመጡትን ጥንታዊ የሃዋይ ቦርዶች አጥንቶ፣ በ1920ዎቹ የእነሱን አምሳያ መሥራት ጀመረ። የዚያን ጊዜዎቹ ድፍን ቦርዶች 45 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝኑ ይችሉ ነበር። ብሌክ ክብደቱን ለመቀነስ መጀመሪያ እንጨቱን በሳስቶ ቀዳዳውን በስስ ጣውላ ሸፈነ፤ ቆይቶም እንደ አውሮፕላን ክንፍ ውስጡን በጎድን የሚደግፍ አሠራር ላይ ደረሰ። በ1932 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1935 ደግሞ ቦርድ ከሥሩ ክንፍ እንዲኖረው አደረገ። ዛሬ ጋራዥህ ውስጥ የምትቆርጠው አከርካሪና ጎድን የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ከዚህ የምትወስደው ትምህርት ቀላል ነው። አጽሙ ላይ ያለው እያንዳንዱ ኩርባ ምክንያት አለው፤ አፍንጫው ቀና የሚለው ሞገዱን እንዲወጣ፣ ጅራቱ በጥቂቱ የሚነሳው ውሃው በቀላሉ እንዲለቀው ነው። ለመጀመሪያው ቦርድህ የተፈተነ ንድፍ ግዛና እንዳለ ተከተለው። በሙሉ ልኩ በወረቀት ካሳተምኸው በኋላ በሜትር ለካው፤ ማተሚያ ቤት አንዳንዴ ያሳንሳል።

3. እንጨቱን በክብደቱ ምረጥ።

አገር ቤት ዋንዛን ለበርና ለወንበር የምንወደው ለጥንካሬውና ለመልኩ ነው። አንተ የምትፈልገው ግን ቀላልና ጭረቱ ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ያለህበት ምድር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሬድ ሲዳር የሚባለው ዛፍ እዚያው ይበቅላል፣ መበስበስንም ይቋቋማል። የዚያ ጠረፍ ነባር ሕዝቦች ታንኳቸውን የሚፈለፍሉት ከዚሁ ዛፍ ነው። ሲደርቅ አንድ ሜትር ኪዩቡ 370 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

ለአጽሙ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ለሽፋኑ 6 ሚሊ ሜትር የሲዳር ጣውላ ይበቃሃል። «ለጥንካሬ ይሁን» ብለህ ጣውላውን አታወፍረው። የላይና የታች ሽፋኑ በድምሩ ወደ 4.5 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ 1 ሚሊ ሜትር በጨመርክ ቁጥር 1.7 ኪሎ ያህል ይጨመርብሃል። ጉጥ ያለበትን ተው። የገዛኸውን እንጨት ወዲያው አትቁረጠው፤ ከምትሠራበት ክፍል አየር ጋር እስኪለማመድ ጥቂት ሳምንት ደርድረህ አቆየው። እርጥብ ጣውላ ከተጣበቀ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያውንም ይከፍታል።

4. ገበታው ከተጣመመ ቦርዱም ይጣመማል።

አጽሙን የምትተክልበት ገበታ ከቦርዱ ይረዝም፤ ቀጥ ያለና የማይነቃነቅ ይሁን። ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ወጥረህ አከርካሪው ከሲባጎው እኩል መሄዱን እይ። ከዚያ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አንዱን አፍንጫው ጋ፣ ሌላውን ጅራቱ ጋ አግድም አስቀምጥና ዝቅ ብለህ በአንድ ዓይንህ ተመልከት። የሁለቱ ዘንጎች ጠርዝ እኩል ካልሄደ አጽሙ ተጠማዟል ማለት ነው። ይህን ምርመራ የታችኛውን ሽፋን ስታጣብቅ አንዴ፣ የላይኛውን ከመዝጋትህ በፊት ሌላ ጊዜ አድርገው። የላይኛው ሽፋን ኮላ ሲደርቅ ጥማዜውን ለዘለዓለም ያጸናዋል፤ የተጠማዘዘ ቦርድ ደግሞ ሐይቅ ላይ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትትሃል።

5. ሞርሳህን ከኮላው በፊት አዘጋጅ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኮላ ከቀባህ በኋላ ሞርሳ ፍለጋ ከሄድክ ስትመለስ ግማሹ ደርቋል። መጀመሪያ ያለ ኮላ አጥብቀህ ሞክረው፤ የት እንደሚከፈት እይ፣ ያንን በፒያላ አስተካክል፣ ከዚያ ቀባ። ብዙ ሞርሳ ለመግዛት ገንዘብ ከሌለህ የፕላስቲክ ቧንቧ እንደ ቀለበት ቆራርጠህ ጎኑን ብትሰነጥቀው ጠርዝ ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ የብስክሌት ካላማዳሪም ተጠምጥሞ ያገለግላል።

6. የሚዘጋውን እንደሚታይ አድርገህ ሥራው።

እዚህ ላይ አትቸኩል። የላይኛውን ሽፋን ከማጣበቅህ በፊት አራት ነገር ተመልከት።

መጀመሪያ ክንፉ፣ መያዣው፣ የእግር ገመዱና መተንፈሻው በሚተከሉበት ቦታ ሁሉ ውስጥ ድፍን እንጨት ተጣብቆ ይሁን። ስድስት ሚሊ ሜትር ጣውላ ብቻውን ብሎን አይዝም። የእያንዳንዱን ቦታ ከመሃል መስመሩ ለክተህ ጻፍ፣ ፎቶም አንሳ፤ ከተዘጋ በኋላ የምትበሳው በዚያ ልኬት ነው።

ሁለተኛ የውስጡን እንጨት በሙሉ ስስ ኢፖክሲ ቀባው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የታሸገ ቦርድ ይህ ዕድል የለውም፤ የገባበት እርጥበት እዚያው ይቆያል።

ሦስተኛ እያንዳንዱ ጎድን ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳው ክብደት ይቀንሳል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን አየር ከክፍል ክፍል ተዘዋውሮ ወደ አንዱ መተንፈሻ እንዲደርስ ነው።

አራተኛው መተንፈሻው ራሱ ነው። በ15 ዲግሪ የታሸገ አየር ቦርዱ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ 60 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ በየካሬ ሜትሩ ከ1.5 ቶን በላይ ከውስጥ ወደ ውጭ እንደ መግፋት ነው፤ መውጫ ካጣ መጋጠሚያ ይከፍታል። ተቃራኒውም አለ፦ የጋለ ቦርድ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ አየሩ ይኮማተርና በመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር ውሃ ይስባል። ስለዚህ በየብስ ላይ የምትከፍተውና ውሃ ላይ የምትዘጋው ብሎን፣ ወይም አየር አሳልፎ ውሃ የሚከለክል የጎሬቴክስ መተንፈሻ አድርግለት። ባለ ብሎኑን ከመረጥክ ቦርዱን ውሃ ላይ ካሳረፍክ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ቆይተህ ዝጋው።

7. ሳንባህንና ቆዳህን አስብላቸው።

የሬድ ሲዳር ሽታ ደስ ይላል፤ ብናኙ ግን አስም እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። ስትቆርጥም ስታሻሽም ብናኝ የሚከላከል ጭንብል አድርግ፣ በሩን ክፈት። ኢፖክሲ ደግሞ ዛሬ ምንም ሳያደርግህ ቆዳህን ቀስ በቀስ ሊያስቆጣው ይችላል፤ አንዴ አለርጂ ከያዘህ ጥቂቱም ያሳክክሃል። ጓንት ሁልጊዜ ይኑርህ። የነካህን በቲነር አታጥበው፤ ቲነሩ ወደ ቆዳህ ይዞት ይገባል። ሳሙናና ውሃ ይበቃል።

የኢፖክሲውን ሪዚንና ማድረቂያ አምራቹ ባዘዘው ልክ ብቻ ቀላቅል። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብለህ ማድረቂያ ብታበዛ አይፈጥንም፤ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ይቀራል። በጥቂት በጥቂቱ በጥብጠህ ወዲያው ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሰው፤ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ከቆየ ራሱ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል።

8. ጨርቁ የሚጠነክረው ሪዚኑ ሲመጠን ነው።

በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን የፋይበርግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ ሲርስ እንደ መስተዋት ጠርቶ እንጨቱን ያሳያል። ጨርቁ እንዲርስ እንጂ እንዲዋኝ አታድርገው፤ የተረፈውን በመፋቂያ ጥረገው፣ ትርፉ ክብደት ነውና። ሥራውን የጋራዡ ሙቀት መውረድ በሚጀምርበት ከሰዓት በኋላ አድርገው። ሙቀት ሲጨምር በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይወጣና አረፋ ይሠራል፤ ሲቀንስ ግን ሪዚኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ካየህ በብርጭቆ ወረቀት ከማሸትህ በፊት በውሃ እጠበው። መጨረሻ ላይ የፀሐይን ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ደጋግመህ ቀባ። ኢፖክሲ ውሃን ይችላል፤ ፀሐይ ግን ታበላሸዋለች።

9. ውሃውንም ሕጉንም አክብር።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2008 ፓድልቦርድ ከመዋኛ ክልል ውጭ ሲሆን እንደ ጀልባ እንዲቆጠር ወስኗል። ስለዚህ ላይፍ ጃኬትና ፊሽካ ይዘህ መሄድ ግዴታህ ነው፤ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ጃኬቱን መልበስ አለባቸው። እኔ ግን አንተም ልበሰው እልሃለሁ። ከተማህን የሚያዋስነው የፒዩጀት ሳውንድ ባሕር ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው፤ ያኔ ጃኬት መልበሻ ጊዜ የለም። አዲሱን ቦርድህን በበጋ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ላይ ሞክረው። የእግር ገመድህን እሰር፤ ነፋስ ከተነሳ ቦርዱ አንተ ከምትዋኘው በላይ ይፈጥናል።

10. የተጠናቀቀበትን ክብደት ጻፍ።

ቫርኒሹ ሲደርቅ ውሃ ከመንካቱ በፊት ቦርዱን መዝነውና ኪሎውን ከነቀኑ መዝግብ። ከዚያ በየዓመቱ የመቅዘፊያው ወቅት ሲያልቅ በደንብ አድርቀህ በዚያው ሚዛን መዝነው። ግማሽ ኪሎ ከጨመረ ግማሽ ሊትር ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። መተንፈሻውን ከፍተህ ወደ ታች ድፋው፣ ሞቅ ባለ ክፍል አቆየውና ክብደቱ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ጠብቅ። ስንጥቁን ፈልገህ በኢፖክሲ የምትደፍነው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥቡን ከደፈንክ ውሃውን ከእንጨቱ ጋር ዘጋህበት ማለት ነው።