የመስታወት ማንጠሪያ ዓምድ፦ ከዳግም አረቄ እስከ ቤተ ሙከራ

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የማንጠርን ፊዚክስ ግማሹን ያውቃል። ድፍድፉ በማሰሮ ይፈላል፤ ተኑ በመቃው አልፎ ውኃ ባቀዘቀዘው ዕቃ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መጀመሪያ የሚገኘው ተራ አረቄ ነው። ተራው አረቄ እንደገና ተፈልቶ ሲወርድ ብርቱው ዳግም አረቄ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የመስታወት ዓምድ ይህንኑ “ዳግም” በአንድ ቱቦ ውስጥ ደጋግሞ የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ዕቅዱንና አገጣጠሙን፣ እንዲሁም በደጋ ከተማ የምንኖረውን የመጻሕፍት ቁጥር እንዴት ሊያሳስተን እንደሚችል በቅደም ተከተል እናያለን።

ዓምዱ ለምን ያስፈልጋል?

ከመቶ ሞለኪዩሎቹ 10 ኤታኖል፣ 90 ውኃ የሆነ ቅልቅል በባሕር ወለል ግፊት ቢፈላ፣ ከተኑ መቶ ሞለኪዩሎች 44 ያህሉ ኤታኖል ናቸው። ይህ ተን ፈሳሽ ሆኖ እንደገና ቢፈላ 63፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቢፈላ ደግሞ 71 ገደማ ይደርሳል። እርምጃው እያጠረ መሄዱን ልብ ይበሉ። በመጨረሻም 89 አካባቢ ሲደርስ የተኑና የፈሳሹ ይዘት አንድ ይሆናል፤ በክብደት ሲሰላ 95.6 በመቶ ነው። ከዚህ ወዲያ በተራ ማንጠር ማለፍ አይቻልም።

በዓምዱ ውስጥ ተን ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአናቱ የተመለሰ ፈሳሽ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ውኃው ከተኑ ወደ ፈሳሹ፣ ኤታኖሉ ከፈሳሹ ወደ ተኑ ይሻገራል። አንዱን ሞል ውኃ ወደ ፈሳሽነት ሲመልሱት የሚለቀው ሙቀት (41 ኪሎ ጁል ገደማ) አንዱን ሞል ኤታኖል ለማትነን ከሚያስፈልገው (39 ኪሎ ጁል ገደማ) ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ልውውጡ ተጨማሪ እሳት ሳያስፈልገው ይካሄዳል።

ክፍሎቹና ዕቅዱ

ተገጣጣሚ ዓምድ አምስት ዋና ክፍሎች አሉት፦ ማፍያ ፍላስክ፣ ሙሌት ያለበት ቱቦ፣ ፈሳሽ የሚመልሰው አናት፣ ኮንደንሰርና መቀበያ ዕቃ። መስታወቱ ቦሮሲሊኬት መሆን አለበት፤ ሲሞቅ የሚለጠጠው የመስኮት መስታወት ከሚለጠጠው በሲሶ ገደማ ነውና በቀላሉ አይሰነጠቅም።

መጋጠሚያዎቹ ሾጣጣ ናቸው። በላያቸው 24/29 ተብሎ ቢጻፍ የሰፊው አፍ ስፋት 24 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 29 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት ሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲኖራቸው ማቀድ ብዙ ወጪ ያድናል።

ለዓምዱ ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ፈረንሳዊው የመስታወት ባለሙያ አንሪ ቪግሮ እ.ኤ.አ. በ1904 የሠራው፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ የሾለ ቱቦ ነው። ሁለተኛው በትናንሽ የመስታወት ቀለበቶች የተሞላ ቱቦ ነው። የቀለበቱ መጠን ከቱቦው ስፋት አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ3 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 4 ሚሊ ሜትር ያልሞላ ማለት ነው።

አገጣጠም

ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ፍላስኩን በማቆሚያው ላይ አጥብቀን እናስራለን፤ የፍሌት ጠጠርም እንጨምራለን። ዓምዱን ስናቆም እንደ ግንበኛ ቱምቢ እንጠቀም። ዓምዱ ካዘመመ ፈሳሹ በአንድ ወገን ግድግዳ ይወርዳል፤ ተኑም በሌላው ወገን ያልፋል፤ ሳይገናኙ ይቀራሉ። የላይኛው ማሰሪያ ዓምዱን ደግፎ ይያዝ እንጂ አይጨብጠው፤ መስታወቱ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል። የኮንደንሰሩ ውኃ በታች ገብቶ በላይ ይውጣ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ተኑ ወደ ኮንደንሰሩ ከሚታጠፍበት አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

የ78 ዲግሪ ስሕተት

ትምህርቴን በውጭ አገር ፈጽሜ በተመለስሁበት ዓመት ይህንን ዓምድ ከተማሪዎቼ ጋር አዲስ አበባ ላይ ገጠምን። የያዝሁት መምሪያ ኤታኖል በ78.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ቴርሞሜትራችን ግን 71 እና 72 መካከል ቆመ። “እሳቱ አንሷል፤ ጨምሩ” አልኋቸው። ብዙም ሳይቆይ በቀለበቶቹ መካከል ፈሳሽ ተጠራቀመ፤ ዓምዱ ተጥለቀለቀ። ቴርሞሜትሩ 78 ሲደርስ ደስ አለን። የወረደውን በሃይድሮሜትር ስንለካው ግን ከቀድሞው የደከመ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ላይ የወጣው ውኃ ነበርና። ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ “መምህር፣ እዚህ ውኃ ራሱ በ92 አይደለም እንዴ የሚፈላው?” ብላ ጠየቀችኝ። ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ።

አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። በአዲስ አበባ፣ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በዚህ ግፊት ውኃ በ92፣ ኤታኖል በ71 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። 200 ዋት ሙቀት ያለ ብክነት ወደ ኤታኖል ቢገባ በሰከንድ 0.24 ግራም ያህል ይተናል። በባሕር ወለል ይህ ተን በ3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 21 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በአዲስ አበባ ግን ተኑ ስለሚሰፋ 27 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ፈጣን ተን የሚወርደውን ፈሳሽ ይገታል። ስለሆነም ባሕር ዳርቻ ላይ በሰላም የሚሠራ እሳት እኛ ዘንድ ዓምዱን ሊያጥለቀልቅ ይችላል።

ጥንቃቄ

አንደኛ፣ የመቀበያው በኩል ምንጊዜም ለአየር ክፍት ይሁን። የተዘጋ ማንጠሪያ ፈንጂ ነው። ሁለተኛ፣ የኤታኖል ተን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ማሞቂያው ነበልባል የሌለው ኤሌክትሪክ ይሁን። ሦስተኛ፣ የቧንቧ ውኃ በድንገት ቢቋረጥ ተኑ ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ ስለዚህ ማንጠሪያውን ለደቂቃም ትቶ መሄድ አይገባም። አራተኛ፣ ከቤተ ሙከራ የወጣ አልኮል አይጠጣም። የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት ብቻውን ከሜታኖል መርዝ አያድንም። ከዚህም በላይ ያለ ፈቃድ አልኮል ማንጠር በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው።

መልመጃ

የውኃ ነጥበ ፍሌት በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የምትኖሩበትን ከተማ ከፍታ ፈልጉና ውኃው በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አስቀድማችሁ አስሉ። በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ 96 መስጠት አለባት። ከዚያም ውኃ አፍሉና ለኩ። ስሌቱና ልኬቱ ከተራራቁ ቴርሞሜትሩን ከመጣላችሁ በፊት፣ ቁጥሩ የተጻፈው ለየትኛው ቦታ እንደሆነ ጠይቁ።