ሃይላንድ፣ ጀሪካንና ትኩስ ወጥ

ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ በኢትዮጵያ ቤት እምብዛም አይጣልም። ሃይላንዱ ጠላ ይቀዳበታል ወይም የተነጠረ ቅቤ ይቀመጥበታል፤ የዘይቱ ጀሪካን ውሃ ይጠራቀምበታል፤ የቀለም ባልዲ ሳይቀር ታጥቦ ሊጥ ይቦካበታል። ቁጠባው የሚያስመሰግን ነው። ጉዳት የሚመጣው ሁሉም ዕቃ ለሁሉም ነገር ይሆናል ብለን ስናስብ ነው። አንድን ዕቃ ደግመን ከመጠቀማችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባው ስንት ጊዜ እንዳገለገለ ሳይሆን፣ የምንጨምርበት ነገር ምን ያህል እንደሚሞቅና ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ነው።

ከሙቀቱ እንጀምር። የውሃ ሃይላንድ ገልብጣችሁ ሥሩን ብታዩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ የደኅንነቱን ደረጃ አይናገርም። ይህኛው ፔት ይባላል። ሲመረት ብዙውን ጊዜ አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚገባበት ጥቂቱ እዚያው ይቀራል። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታሸገ ውሃ በተለያየ ሙቀት አቆይተው መርምረው ነበር። በውሃው ውስጥ ያለው አንቲሞኒ የአሜሪካን የመጠጥ ውሃ ገደብ እስኪያልፍ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 176 ቀን ሲፈጅ፣ በ85 ዲግሪ 1.3 ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ስለዚህ በሃይላንድ ቀዝቃዛ ውሃ መሙላት አያስፈራም፤ ከምድጃ የወረደ ቅቤ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅቤው ከመሞቁም በላይ ቅባት ነው፤ ቅባት ደግሞ ውሃ የማያሟሟቸውን ብዙ ኬሚካሎች ከፕላስቲኩ ስቦ ያወጣል። ትኩስ ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥም፣ ከምግብ ቤት የሚንተከተክ ሽሮ በፌስታል አስቋጥሮ መሄድም ያው ነው። ቅቤውም ወጡም እስኪቀዘቅዝ በድስቱ ይቆይ። «ሃይላንድ ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ መርዝ ያመነጫል» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ ቅዝቃዜ የኬሚካሎችን መውጣት ያዘገያል እንጂ አያፋጥንም።

5 ቁጥር ያለበት ፖሊፕሮፒሊን ሙቀትን ከፔት በተሻለ ይችላል። ብዙ የምሳ ዕቃዎችና ጡጦዎች ከእሱ ይሠራሉ። ሆኖም በ2020 እ.ኤ.አ. የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በእነዚህ ጡጦዎች ላይ ያገኙት ውጤት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። 25 ዲግሪ ውሃ ሲገባባቸው በሊትር 600,000 ያህል ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተገኙ፤ ውሃው 95 ዲግሪ ሲሆን ቁጥሩ 55 ሚሊዮን ደረሰ። ቅንጣቶቹ ጤናን ምን ያህል እንደሚጎዱ ሳይንሱ ገና አልቋጨውም። መልሱ እስኪመጣ ግን ሕፃን ልጅ መሞከሪያ ሊሆን አይገባም፤ ጥንቃቄውም ቀላል ነው። የዱቄት ወተቱን በፈላ ውሃ በብርጭቆ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ በጥብጡት፤ ለብ ሲል ወደ ጡጦው ገልብጡት።

ለቀዝቃዛ ነገር በምንጠቀምበት ዕቃ ላይ ከኬሚካሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቆሻሻው ነው። የሃይላንድና የጀሪካን አንገት እጅ አያስገባም፤ ከውስጥ የሚያሟልጭ ነገር ከያዘ ተሕዋስያን ተራብተውበታል ማለት ነው። በሽቦ ተፈግፍጎ የተጫረ ሳህንም ሳሙና የማይደርስበት ስንጥቅ ያበጃል። ሁለቱም ይቀየሩ። በርበሬና ሽሮ ደግሞ በደንብ ሳይደርቁ በፕላስቲክ ከታፈኑ ይሻግታሉ፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ቢያበስሉትም አይጠፋም።

የቀለም፣ የሞተር ዘይትና የፀረ ተባይ ዕቃ ምንም ቢታጠብ ለምግብም ለውሃም አይሁን። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ እጥበት የሚያነሳው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ሽታው መጥፋቱ ማስተማመኛ አይሆንም፤ ሊጥ ደግሞ ለቀናት እየኮመጠጠ የሚቆይበት ዕቃ ከሁሉም የበለጠ ንጹሕ መሆን አለበት። የፀረ ተባይ ዕቃ ከሆነ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ብሱት።

ከሁሉ የምፈራው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ በረኪና በሃይላንድ። በየሰፈሩ እንዲህ ተቀድቶ ይሸጣል፤ ቤት ሲደርስም ከውሃው ጎን ይቀመጣል። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚታየው ውሃ ነው። ላምባም እንዲሁ። አንቲሞኒው ለመጠራቀም ቀናት ይፈልጋል፤ አንድ ጉንጭ ላምባ ግን የልጅ ሳንባ ውስጥ ከገባ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። በረኪናና ላምባ በራሳቸው ዕቃ ይሁኑ፤ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስመልሰው አትሞክሩ፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል፤ ወደ ሳንባውም ሊገባ ይችላል። የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።