ስለ ቡድን ካናቴራ ሽያጭ፤ አስቀድሞ ቈጥሮ የማዘዝ ጥቅም

በወላይታ ሶዶ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች እግር ኳስ የሚጫወቱ የወጣቶች ቡድኖች አሉ። እነዚህ ቡድኖች ኳስና ጫማ ለመግዛት፣ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ሐዋሳ ሄደው ለመወዳደርም የመኪና ኪራይ ለመክፈል ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። ገንዘቡን በልመና ከመሰብሰብ ይልቅ የቡድኑ ስም የታተመበትን ካናቴራ ለደጋፊ ሸጦ ከትርፉ ማግኘት የተሻለ መንገድ ነው፤ ሰጪው ዕቃ ይዞ ይመለሳል፣ ወጣቶቹም ሠርተው ያገኛሉ። ነገር ግን ሥራው በበጎ ፈቃድ ቢጀመርም ንግድ ነውና፣ በንግድ ሥርዓት ካልተያዘ በትርፍ ፈንታ ዕዳ ያመጣል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቡድን 100 ካናቴራ ለማሳተም አሰበ እንበል። የአንዱ ካናቴራ ዋጋ ከነኅትመቱ 450 ብር፣ ለሁለት ቀለም የሚዘጋጁት ሁለት የማተሚያ ፍሬሞች ዋጋ 2,000 ብር፣ የመሸጫው ዋጋ ደግሞ 600 ብር ይሁን። ጠቅላላው ወጪ 47,000 ብር ነው። መቶውም ቢሸጥ 60,000 ብር ገብቶ 13,000 ብር ይተርፋል። ነገር ግን 80 ብቻ ተሸጦ 20 ቢቀር፣ የሚገባው 48,000 ብር፣ ትርፉም 1,000 ብር ብቻ ይሆናል። የተሸጠው 78 ብቻ እንደ ሆነማ ቡድኑ 200 ብር ይከስራል።

ያው ቡድን ገዢዎቹን አስቀድሞ መዝግቦ 80 ብቻ ቢያዝዝ ግን ወጪው 38,000 ብር፣ ገቢው 48,000 ብር፣ ትርፉ 10,000 ብር ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ የተሸጠው ካናቴራ ቍጥር አንድ ነው። የ9,000 ብሩ ልዩነት ሳይሸጡ የቀሩት የሃያው ካናቴራዎች መግዣ ነው። ሳሙና የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ያልተሸጠለትን በሚመጣው ወር ይሸጠዋል፤ የአንድ ሠፈር ቡድን ስምና ዓመተ ምሕረት የታተመበት ካናቴራ ግን ከዚያ ሠፈር ውጭ ገዢ የለውም።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው በአዲስ አበባ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ሩጫው በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ተሳታፊው ካናቴራውን የሚያገኘው ተመዝግቦ ከከፈለ በኋላ ስለ ሆነ፣ የሯጩና የካናቴራው ቍጥር ከሩጫው ቀን በፊት ይታወቃል።

ይህ አሠራር ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደለም። ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በዓል ወንዶች ለሰንጋ መግዣ፣ ሴቶች ለቅቤ አስቀድመው በጥቂት በጥቂቱ ማጠራቀም የቆየ ልማዳቸው ነው። የካናቴራውም ቀብድ በዚሁ መንገድ ሊሰበሰብ ይችላል። ገዢው ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ 100 ብር ቢከፍል በአምስት ሳምንት 500 ብር ይሞላል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ሰማንያው ካናቴራ እያንዳንዱ 475 ብር ስለሚፈጅ፣ ቀብዱ 500 ብር ከሆነ ቡድኑ ሳይበደር ለአታሚው ይከፍላል። ቀብድ ከፍሎ የቀረ ሰው ቢኖርም ቡድኑ አይጐዳም። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ለማሳተሚያ ይበቃል፤ በጊፋታም በልዩ ልዩ ከተማ የሚኖረው የአገር ልጅ ወደ ቤተ ሰቡ ሲመለስ ካናቴራውን ለብሶ ይውላል።

የድል ወሬ ተሰምቶ ወዲያው ብዙ ማዘዝ ግን አደገኛ ነው። ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በመለያ ምት አሸንፎ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ባስወጣ ጊዜ የነበረውን ደስታ የሶዶ ሰው አይረሳውም። የደስታ ትኩሳት ግን ካናቴራው ታትሞ እስኪደርስ አይጠብቅም። በዚያ ትኩሳት «እገዛለሁ» ያለ ሁሉ ገዢ አይደለም፤ ገዢ ማለት ቀብድ የከፈለ ነው።

ስለ መልኩም ቢሆን ሒሳብ አለው። የወላይታ ዱንጉዛ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ስለ ሆነ ብዙ ቡድን ሦስቱንም ቀለም ይፈልጋል። በስክሪን ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ያስፈልጋል። ስለዚህ ጨርቁን ቢጫ አድርጎ ቀዩንና ጥቁሩን ብቻ ማሳተም የአንድ ፍሬም ወጪ ያድናል። የታወቀ ክለብ ዓርማ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይታተም፤ የተመዘገበ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቍጥር 501/1998 የተጠበቀ ነው። የሠፈሩ ቡድን የራሱን ምልክት ቢሥል ከክርክር ይድናል።

በመጨረሻ የሚከተሉት አራት ነገሮች ይጠበቁ።

1ኛ፤ የገዢው ስም፣ የሚለብሰው ልክና የከፈለው ገንዘብ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱም ክፍያ ደረሰኝ ይሰጥ።

2ኛ፤ ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገብ የሚጽፈው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ የተሰበሰበውም በየሳምንቱ ባንክ ይግባ።

3ኛ፤ መቶውም ከመታተሙ በፊት አታሚው አንድ ናሙና ያሳይ፤ ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ይያዝ።

4ኛ፤ ሽያጩ ሲያልቅ ገቢው፣ ወጪውና ትርፉ በወላጆችና በተጫዋቾች ፊት ይነበብ።

ከሁሉም የሚበልጠው አራተኛው ነው። ለልጁ ቡድን 600 ብር የከፈለ ወላጅ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ካወቀ በሚመጣውም ዓመት ይከፍላል፤ ካላወቀ ግን ቡድኑ የሚያጣው አንድ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን የመንደሩን እምነት ነው። መዝገቡን የሚጽፈው ወጣትም ነገ ሱቅ ሲከፍት ከዚህ የተሻለ የንግድ ትምህርት አያገኝም፤ የሰው ገንዘብ በእጁ ገብቶ ሳይጐድል ያስረከበ ሰው፣ በንግድ ዓለም ከካፒታል የሚቀድመውን ሀብት ይዟልና።